ማውራት ያድናል ካላችሁ ፈትናችሁ አሳዩን

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስኪዞፍሬኒያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ታማሚን እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል ያለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። መሀል ላይ ያስገባው ሐሳብ ግን አስደነገጠኝ። የልጅነት ቁስል በጥልቅ ንግግር ከተፈታ የሚሰማው ድምፅም ጥርጣሬውም ይለቃል፣ መድኃኒት ማፈኛ ብቻ ነው ይላል። ይህን ያነበበች እናት ልጇ ክኒኑን ሲያቆም «እስቲ ይሁን» ብትልስ? የምጽፈው እሷን አስቤ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። አስታማሚ ሲኮን ግን ያገኙትን ሁሉ ማንበብ ይመጣል፤ እኔም ስለዚህ ጉዳይ ለዓመታት አንብቤአለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው እንደ አዲስ ያቀረበው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ትንሽ እልፍ ሲሉ ሮክቪል የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ቼስነት ሎጅ የሚባል የግል የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ቀድሞ ሆቴል የነበረ ሕንፃ ነው፤ በ1910 ሆስፒታል ሆነ፣ በ2001 ተዘጋ፣ በ2009 ዋናው ሕንፃ ተቃጠለ። በዚያ በኩል ወደ ሥራ የምናልፍ ብዙ ሐበሾች አለን፤ ቦታው ምን እንደነበረ የምናውቅ ግን አይመስለኝም። ስኪዞፍሬኒያን በንግግር ብቻ ለማከም በአሜሪካ ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ ስም የእሱ ነው።

ጥልቁን የንግግር ሕክምና የጀመረው ሐኪም ፍሮይድ ራሱ የእሱ ሕክምና ለእንዲህ ዓይነት ታማሚ አይሆንም ብሎ ያምን ነበር። ታማሚው ከሐኪሙ ጋር ሕክምናው የሚፈልገውን ትስስር መፍጠር አይችልም የሚል ነበር ምክንያቱ። የቼስነት ሎጅ ሐኪሞች ይህን አልተቀበሉም። ከሁሉም ታዋቂዋ ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን ነበሩ፤ ከናዚ ጀርመን የተሰደዱ አይሁዳዊት ሐኪም ናቸው፣ በ1935 ሮክቪል ገቡ። ሌላው ቦታ እንዲህ ያለ ሰው ተቆልፎበት ሲረሳ፣ ሲብስም አንጎሉ በቀዶ ሕክምና ሲነካካ፣ እሳቸው ከአንድ ታማሚ ጋር በሳምንት ብዙ ቀን፣ ለዓመታት፣ ቁጭ ብለው ያወሩ ነበር። ለሌላው ሰው የተዘበራረቀ የሚመስለው ንግግር ለተናጋሪው ትርጉም አለው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ክብር ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። ወንድሜ በዚያ ዘመን ቢታመም ኖሮ እሳቸው እጅ ቢገባ ነበር የምመርጠው።

ግን እኚሁ ሐኪም በ1948 ባወጡት ጽሑፍ ስኪዞፍሬኒያን የምታመጣ እናት አለች የሚል ሐሳብ አስገቡ። ልጇን የምትገፋ፣ ፍቅር የማትሰጥ፣ አለዚያም አፍና የምትይዝ እናት ማለት ነው። ሐሳቡ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ለአስርት ዓመታት ሐኪም ቤት የሄዱ እናቶች በሽታው ከእናንተ ነው ተባሉ። ማስረጃው ምን ነበር? ታማሚው የተናገረውና ሐኪሙ የተረጎመው፣ በቃ። ጤነኛ ልጆች ያሳደጉ እናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነት አለ ወይ ብሎ በወጉ ሳይጠየቅ ነው ሐሳቡ የተዛመተው። በኋላ ሲፈተሽ ሐሳቡ ወደቀ። በውርስ የሚመጣው ተጋላጭነት ትልቅ ድርሻ እንዳለውም ታወቀ። እናቶቹን ግን ማን ይቅርታ ጠየቃቸው?

እዚህ ላይ ስሜቴን መደበቅ አልችልም። ወንድሜ በታመመ ሰሞን አንድ ቴራፒስት ዘንድ ሄደን ነበር፣ ስሙንም ቦታውንም አልጠራም። እናታችንን በአስተርጓሚ ልጇን ጡት ስላስጣለችበት ጊዜ፣ በልጅነቱ ጥላው ሄዳ ታውቅ እንደሆነ፣ ይህንኑ እያገላበጠ ጠየቃት። እማዬ ጠያቂው ወዴት እንደሚሄድ ገባት። እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ግን ወንድሜን «ክኒንህን ዋጥክ ወይ?» ብላ ለመጠየቅ እንኳ ትፈራ ጀመር፤ ድምፅዋ ራሱ የሚያሳምመው መሰላት። አገር ቤት እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ የዘር ኃጢአት ነው ሲባል የሰማች ሴት ናት። እዚህ ደግሞ ዲግሪ ያለው ሰው ያንኑ በሌላ አነጋገር ነገራት። ያልተፈተነ ሐሳብ ጉዳት የለውም የሚል ሰው ካለ እሷን ቢያናግር ደስ ይለኛል።

ወደ ፈተናው ልሂድ። በ1952 ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለ መድኃኒት ለእነዚህ ታማሚዎች መሰጠት ተጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መድኃኒቱ አሜሪካም ተስፋፋ፣ ክርክሩም ጦፈ። አንደኛው ወገን መድኃኒት ምልክት ያፍናል፣ ሥሩን የሚነቅለው ንግግር ነው አለ። ልክ እንደ ጸሐፊያችን። ፊሊፕ ሜይ የተባለ ሐኪም ካሊፎርኒያ ውስጥ ካማሪዮ በሚባል የመንግሥት ሆስፒታል ይህን ክርክር በሥራ ሊቋጨው ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል የገቡ 228 ታማሚዎችን በዕጣ አምስት ቦታ መደበ። አንዱ ቡድን የንግግር ሕክምና ብቻ፣ ሌላው መድኃኒት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አራተኛው የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ የመጨረሻው መደበኛውን የሆስፒታል እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ውጤቱ በ1968 ወጣ። መድኃኒት ካገኙት ከመቶ 95 ገደማ ተሽሏቸው ከሆስፒታል ወጡ፤ ንግግር የተጨመረላቸውም ያው ነበሩ። ንግግር ብቻ ካገኙት የወጡት 65 ገደማ ናቸው፣ ይህም ምንም የተለየ ሕክምና ካላገኙት ብዙም አይርቅም።

እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። መድኃኒት ተከልክለው ለወራት ንግግር ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ፣ ሐኪሞቹም ከልባቸው ሊረዷቸው ይፈልጉ ነበር። በዕጣ ባይመደቡ ኖሮ እያንዳንዱ ሐኪም የተሻለውን ታማሚውን እያስታወሰ «ንግግሬ አዳነው» እንዳለ ይኖር ነበር። ከመቶ 65 ተሽሎት ወጥቷል እኮ! ለብቻው ሲያዩት ጥሩ ነው። ጥሩ አለመሆኑ የሚታየው ጎኑ ያለው 95 ሲነገር ነው። ጸሐፊው «በንግግር ድነው ያየኋቸው አሉ» ሲል እኔም አምነዋለሁ። ጥያቄዬ ከምን ጋር አወዳደርካቸው የሚል ነው።

በእርግጥ ተቃውሞ ተነሣ። ሜይ የተጠቀመባቸው አብዛኞቹ ሐኪሞች ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው ተባለ። ተገቢ ተቃውሞ ነው። በርትራም ካሮንና ጋሪ ቫንደንቦስ ደግሞ ዲትሮይት ውስጥ 36 ታማሚዎችን ይዘው ሌላ ሙከራ አደረጉ። ንግግሩ ያሸነፈ መሰለ፤ ዛሬም ድረስ የንግግር ወገኖች የሚጠቅሱት እሱን ነው። ችግሩ ከመድኃኒቱ ቡድን ብዙዎቹ መሀል ላይ ወደ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ተዛውረው ነበር። አንዱን ማሳ ውኃ እያጠጡ ሌላውን ለድርቅ ትቶ ዘሩን ማወዳደር ይሆናል። ቁጥሩም ትንሽ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የቦስተኑ ጥናት ነው። ጆን ጉንደርሰንና ባልደረቦቹ ናቸው የሠሩት፣ ውጤቱ በ1984 ወጣ። እነዚህ ሰዎች ለንግግር ሕክምና ጠላት አልነበሩም፤ እንዲያውም እንዲያሸንፍ የሚፈልጉ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ ልምድ ያላቸው ናቸው፣ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፣ መድኃኒትም ለሁሉም ይሰጣል። ስለዚህ የሜይ ጥናት ላይ የተነሣው ተቃውሞ እዚህ አይሠራም። ታማሚዎቹን ሁለት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን ያንን ጥልቅ ንግግር አገኘ፦ ያለፈ ሕይወት፣ የተደበቀ ስሜት፣ ከሐኪሙ ጋር ያለው ግንኙነት። ሌላው በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ቀለል ያለ የድጋፍ ንግግር አገኘ፦ ዛሬ እንዴት አደርክ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ከቤተሰብ ጋር እንዴት ነህ፣ መድኃኒቱ ምን አስቸገረህ።

ጥልቁ ንግግር ያሸንፋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አላሸነፈም። ቀለል ያለውን ያገኙት ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ አጠረ፣ ሥራም ላይ የተሻሉ ሆኑ። ጥልቁ ንግግር ራስን በመረዳትና በአስተሳሰብ በኩል መጠነኛ ጥቅም አሳየ፣ እሱንም መካድ አይገባም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከገቡት 164 ሰዎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆዩት 95 ብቻ ነበሩ። ይህ ለእኔ ራሱን የቻለ ውጤት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሰው ፊት ተቀምጦ የውስጡን መግለጥ ድምፅ እየሰማ ላለ ሰው፣ ሰው ሁሉ ያሴርብኛል ብሎ ለሚፈራ ሰው ከባድ ነው። ወንድሜ በታመመበት ሰሞን አንድ ሰው ዓይኑን ትኩር አድርጎ ካየው ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር።

በዚያው ዓመት የቼስነት ሎጅም ጉዳይ ተቋጨ። ቶማስ ማግላሻን የተባለው የሆስፒታሉ ሐኪም ከ1950 እስከ 1975 ባለው ጊዜ ታክመው ከወጡት 446ቱን አፈላልጎ፣ በአማካይ ከ15 ዓመት በኋላ የት እንደደረሱ አየ። ስኪዞፍሬኒያ ከነበረባቸው ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ኑሯቸው የተዳከመ ነበር። የራስን ቤት ሥራ እንዲህ በአደባባይ መመርመር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። አከብረዋለሁ። ጎን ለጎን የሚወዳደር ቡድን ስላልነበረው ንግግሩ ጎዳቸው ማለት አይቻልም፣ ግን አዳናቸውም ማለት አይቻልም።

ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። በ1998 የአሜሪካ ባለሙያዎች ባወጡት የስኪዞፍሬኒያ ሕክምና ምክር ሳይኮዳይናሚክ ሕክምና፣ ማለትም ያለፈ ሕይወትንና የተደበቀ ስሜትን የሚፈትሸው የንግግር ሕክምና፣ ለእነዚህ ታማሚዎች መሰጠት የለበትም አሉ። ቤተሰብ የበሽታው ምንጭ ነው ብሎ የሚነሣ የቤተሰብ ሕክምናም እንዲቀር መከሩ፤ ይህን ሳነብ እማዬን አሰብኩ። የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2001 ያወጣው ግምገማም ጥናቶቹ ጥቂት እንደሆኑና በእጅ ያለው መረጃ ሆስፒታል ላሉ ታማሚዎች ይህን ሕክምና እንደማይደግፍ ጻፈ።

ጸሐፊው ቢጠቅሰው ኖሮ የሚረዳው የነበረ አንድ ጥናት ግን አለ፣ እሱን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ዴንማርክ ውስጥ ቤንት ሮዘንባውምና ባልደረቦቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ 269 ወጣቶችን ተከታተሉ። 119ኙ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ደጋፊ የሆነ ሳይኮዳይናሚክ ንግግር አገኙ፣ 150ዎቹ መደበኛውን ብቻ። በ2012 በወጣው ውጤት መሠረት ንግግር የተጨመረላቸው ከሁለት ዓመት በኋላ በምልክትም በኑሮም የተሻሉ ነበሩ። ደስ ይላል። ነገር ግን ምደባው በዕጣ አልነበረም፤ ማን የትኛውን ያገኛል የሚለው በየሕክምና ማዕከሉ ነው የተወሰነው። በአምስተኛው ዓመት ሲታዩም በማኅበራዊ ኑሮ በኩል በቡድኖቹ መሀል ልዩነት አልተገኘም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ የሮክቪሉ ዓይነት ንግግር አይደለም። ሐኪሙ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ልጅነትን አይቆፍርም፣ ይደግፋል። መድኃኒትም አልተቋረጠም።

ስለዚህ እኔ ይህ ሕክምና ይቀበር እያልኩ አይደለም። በዕጣ ተመድቦ፣ ገምጋሚው ማን ምን እንዳገኘ ሳያውቅ፣ ያቋረጡትም ተቆጥረው እንደገና ይፈተን ነው የምለው። ደግሞ ከባዶ ጋር ብቻ መወዳደር የለበትም። ንግግርን ሲፈትኑ ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው፦ ደግ ሰው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት አብሮት ከተቀመጠ ማን የማይሻለው አለ? በ2000 እንግሊዝ ውስጥ በወጣ አንድ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው 90 ሰዎች ግማሾቹ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ ተራ ወዳጃዊ ጨዋታ አገኙ። ስለ ኳስ፣ ስለሚወዱት ነገር ማውራት ማለት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ሁለቱም ቡድን ተሻለው! ልዩነቱ የታየው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፤ ሕክምናውን ያገኙት መሻሻላቸው ሲቀጥል ጨዋታ ብቻ ያገኙት ወደ ኋላ ተመለሱ። እንዲህ ተደርጎ ሲፈተን ንግግሩ ራሱ ምን እንደጨመረ ይታወቃል።

መድኃኒቱም ቢሆን ከፈተና አላመለጠም። በ2005 በወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ1,400 በላይ ሰዎች ተሳትፈው በ18 ወር ውስጥ ከመቶ 74ቱ የተሰጣቸውን መድኃኒት አቁመው ወይም ቀይረው ነበር። አንዳንዱ አልሠራለትም፣ አንዳንዱ የጎን ጉዳቱን አልቻለውም። ይህን የምናውቀው ስለተፈተነ ነው። ወንድሜ ወፍሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት መነሣት ይከብደዋል። ይሰማው የነበረው ድምፅ ቀንሶለታል፣ ግን ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር መውደድ አልተመለሰለትም። ክኒን ብቻውን ይበቃል የሚል አስታማሚ አላውቅም። ለዚህ ነው ንግግሩ በጥሩ ሁኔታ ቢፈተን ከማንም በላይ የምንጠቀመው እኛ ነን የምለው።

አገር ቤትም እኮ እንዲህ ዓይነት ፈተና ተደርጓል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። በጉራጌ፣ ሶዶ ውስጥ 48 አካባቢዎች በዕጣ ተመድበው 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነው፣ በ2022 ታትሟል። ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኛሉ። ግማሾቹ አካባቢዎች ላይ ግን ሐኪም ያልሆኑ፣ የሠለጠኑ ሠራተኞች እየተጨመሩ ለአንድ ዓመት ቤት ለቤት ሄዱ፤ ታማሚውን አነጋገሩ፣ ቤተሰቡን አስተማሩ፣ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ረዱ፣ ጎረቤቱንም አሳተፉ። በዓመቱ መጨረሻ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ከሌሎቹ ተሻለ። እዚህ እናትየው ተከሳሽ አይደለችም፣ አጋር ናት። ሶዶ ላይ ይህን ያህል በጥንቃቄ መፈተን ከተቻለ እዚህ ሜሪላንድ ያለ ቴራፒስት «የእኔ ሥራ በቁጥር አይለካም» ሲለኝ ለምን እቀበለዋለሁ?

ቴራፒስት ለምትፈልጉ ቤተሰቦች የምለው ይህን ነው። ንግግር ፈልጉ፣ ከተቻለ በአማርኛ። ከመጀመሪያው ቀን ግን ጠይቁ፦ ከመድኃኒቱ ጋር ነው ወይስ በመድኃኒቱ ፈንታ? እንዲህ ዓይነት ንግግር ለስኪዞፍሬኒያ ተፈትኖ ያውቃል ወይ? እየተሻለው መሆኑን በምን እናውቃለን፣ መቼስ እንገመግማለን? ካልሠራ ምን እናደርጋለን? ቤተሰብን እንደ ረዳት ታያለህ ወይስ እንደ ምክንያት? መልሱ ጭጋግ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ታማሚው መድኃኒቱ ከበደኝ ካለ ደግሞ በራሱ አያቁም፤ መጠኑን መቀነስም ሆነ ዓይነቱን መቀየር ከሐኪሙ ጋር የሚሠራ ነገር ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ያ ጽሑፍ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በሚታይ ቦታ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጽሑፉን አንብቦ እንዳያቋርጥ፣ ሐኪሙን እንዲያማክር የሚል ማሳሰቢያ አውጡ። ከሚቀጥለው እትም ባያልፍ ጥሩ ነው። በዚህ መሀል ያቆመ ሰው ካለ አገርሽቶበት ሆስፒታል እስኪገባ ብዙ ሳምንት ላይፈጅ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ